ላንተ ሲበራ፣ ለኛ ሲጨልም

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው፡፡ አምስት ሆነን በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ከቢስቲማ እየተመለስን ነው፡፡ የአንዳችን አጎት ሞተውበት ለቅሶ ደርሰን፣ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ቡና ጠጥተን፣ ዱአ ተደርጎልን፣ «በጊዜ ተነሱ ልጆቼ፣ ጉሙ ሳይወርድባችሁ» ተብለን... በጊዜ ሳንነሳ ቀረን፡፡ (መቼ ነው የሐበሻ ልጅ በጊዜ የሚነሳው?)

ሐይቅን አልፈን ደሴ ስንገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል፡፡ ጦሳ ከነራስጌው ጉም ውስጥ ገብቷል፡፡ ከተማው ውስጥ የመንገድ መብራቶቹ ራሳቸው ሰማይ ላይ የተንጠለጠሉ ብርቱካን ይመስላሉ፡፡ ከመሃላችን አንዱ፣ ፈሪ ያልነው እሱ፣ «ደሴ እንደርና ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ እንገባለን» አለ፡፡ ሹፌራችን ሳቀበት፡፡

«አብሽር! መብራቱን አላየኸውም እንዴ?»

መብራቱ! ለካ እሱን አልነገርናችሁም፡፡ ከሳምንት በፊት ገንዘብ አዋጥተን የኮሮላዋን አምፖሎች በኤል ኢ ዲ ቀይረናቸው ነበር፡፡ ካርቶኑ ላይ 20,000 ሉመን ይላል፡፡ ከኋላው ትንሽ ማቀዝቀዣ ፋን አለው፡፡ ሲበራ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ልክ የሆስፒታል ኮሪደር የመሰለ ብርሃን ነው፡፡ የገጠመልን ልጅ ራሱ «ማሻአላህ፣ አሁን መኪና ሆነች» ብሎናል፡፡ እኛም ሰፈር ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ምክንያት ማታ ማታ ዞረናል፡፡ እውነቱን እንናገር ከተባለ መንገድ ለማየት አልነበረም፡፡ ለመታየት ነበር፡፡

እናም ወደ ሐረጎ ወጣን፡፡

ደሴን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ እንንገረው፡፡ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፡፡ ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች፡፡ ይህን ሁሉ ቁልቁለት መንገዱ በሐረጎ ተራራ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ይጨርሰዋል፡፡ በአንድ በኩል ተራራ ነው፡፡ በሌላ በኩል ደግሞ... ሌላ በኩል የለም፣ ገደል ነው፡፡ ክረምት ላይ ከታች ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፡፡ ያም ጉም መንገዱ ላይ ይተኛል፡፡

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ጉሙ ዋጠን፡፡ ሹፌራችን የሚተማመንበትን መብራት ለቀቀው፡፡ ምን ሆነ መሰላችሁ? ነጭ ግድግዳ! መኪናችን አፍንጫ ላይ ኖራ የተቀባ ግድግዳ የቆመ መሰለን፡፡ ሹፌራችን ደንግጦ ረጅሙን አበራ፡፡ ግድግዳው ጭራሽ ቀረበ፡፡ ከዚያ ከታች አንድ አይሱዙ ሲመጣ ታየን፤ ማለትም ታየን እንበል እንጂ ያየነው እሱንም የበላ ሌላ ነጭ ግድግዳ ነው፡፡ እሱም እንደኛ ሳይቀይረው አልቀረም፡፡ ሁለታችንም ቆምን፡፡ ፍሬን ይዘን፣ አፍ ለአፍ ገጥመን፣ እንደ ሁለት በሬ ተፋጠጥን፡፡

አይሱዙው ረጅሙን አጠፋ፣ አጭሩንም አጠፋ፡፡ ትንሿን መብራት ብቻ ተወ፡፡ ሹፌራችን እልህ ይዞት ትንሽ ቆየና እሱም አጠፋ፡፡

ያን ጊዜ ነው ልጁን ያየነው፡፡

ከሁለታችን መሃል፣ በገደሉ በኩል ባለው የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ሁለት አህያ ይዞ ቆሟል፡፡ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል፡፡ አንድ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዷል፡፡ አራት መብራት፣ በካርቶኖቹ ሒሳብ ከሆነ አርባ ሺህ ሉመን፣ እሱ ላይ በርቶ ሳለ ከስድስታችን አንዳችንም አላየነውም፡፡ ያየነው መብራቱ ሲጠፋ ነው፡፡

የአይሱዙው ሹፌር መስኮቱን አወረደ፡፡ ሸበቶ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው፡፡ ይሳደባሉ ብለን ጠበቅን፡፡ አልተሳደቡም፡፡

«ልጆቼ፣ እኔም ልጄ ነው ያስገጠመልኝ፤ እንቢ ማለት አቅቶኝ ነው» አሉን፡፡ «ነገ አስነቅለዋለሁ፡፡ እናንተም አስነቅሉት፡፡ ይሄ መብራት አይደለም፤ ይሄ ጥይት ነው፡፡»

ልጁን «እለፍ የኔ ልጅ» አሉት፡፡ አህዮቹን ነድቶ ጉሙ ውስጥ ገባ፡፡ እኛም በትንሿ መብራት፣ የመንገዱን ጠርዝ በመስኮት እያየን፣ በእግር ሰው ፍጥነት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን፡፡ ማንም አልተናገረም፡፡ «ፈሪ» ያልነው ልጅ እንኳን «ብያችሁ ነበር» አላለም፡፡ ጨዋ ነው፡፡

ታዲያ ለምን እናስገጥመዋለን?

ስለዚህ ነገር ስንጽፍ ከላይ ሆነን ለመምከር አይደለም፡፡ ጥፋተኞቹ እኛው ነን፡፡ ኤል ኢ ዲ የሚያስገጥመውን ሁሉ «ጋጠወጥ» ብሎ መገላገል ቀላል ነው፤ ግን እውነት አይደለም፡፡ ሰው የሚያስገጥመው ስለማይታየው ነው፡፡ አገራችን ውስጥ የሚሽከረከረው መኪና አብዛኛው አሮጌ ነው፡፡ የፊት መብራቱ ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኗል፣ ደፍርሷል፡፡ ሽቦው ዝጓል፡፡ ከከተማ ሲወጣ የመንገድ መብራት የለም፡፡ የመንገድ ዳር መስመሩ ተፍቋል፡፡ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሾፌር «የሚያሳየኝ ነገር ስጡኝ» ቢል ምን ያስፈርዳል?

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እልህ ነው፡፡ ከፊት የሚመጣው ኤል ኢ ዲ ካስገጠመ እኔ በቢጫ አምፖሌ ምን እሆናለሁ? ዓይኔን ካጠፋው እኔም አጠፋዋለሁ! ይሄ የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ነው፡፡ የእሽቅድምድሙ ጠባይ ደግሞ ሁሉም ሲያስገጥም ማንም አለማሸነፉ ነው፡፡ ሁላችንም በየተራችን እንታወራለን፡፡

ሦስተኛው ያው የታወቀው ነው፤ ፋሽን፡፡ ነጭ መብራት «አዲስ መኪና» ያስመስላል፡፡ የ1990ዎቹ ኮሮላ በሁለት አምፖል የዘንድሮ ሞዴል ልትሆን ትፈልጋለች፡፡ (ሰውም እኮ ጥርሱን አስነጥቶ እንዲያ ይላል፡፡)

ጥፋቱ የኤል ኢ ዲ አይደለም

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን፡፡ ኤል ኢ ዲ ራሱ ድንቅ ነገር ነው፡፡ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ የፈለሰፉት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የወሰዱት በከንቱ አይደለም፡፡ ሰማያዊው ሲገኝ ነው ነጩን መሥራት የተቻለው፤ ሰማያዊ ቺፕ ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት ይቀቡታል፣ ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ፡፡ ሌክሰስ በ2007 እ.ኤ.አ. ኤል ኢ ዲ ለአጭር መብራት የተጠቀመ መኪና ለገበያ አወጣ፡፡ ብዙም ሳይቆይ አውዲ ሙሉ በሙሉ በኤል ኢ ዲ የሚሠራ የፊት መብራት ይዞ መጣ፡፡ ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከፋብሪካቸው ኤል ኢ ዲ ይዘው ይወጣሉ፡፡

ታዲያ የእነሱ ችግር ካልሆነ የኛ ለምን ችግር ሆነ? ምክንያቱም እነሱ የሠሩት መብራት ነው፤ እኛ የቀየርነው አምፖል ነው፡፡ ሁለቱ አንድ አይደሉም፡፡

ቀስ ብለን እንየው፡፡ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ብቻ አይደለም፡፡ ከአምፖሉ ጀርባ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ መንገዱ የሚወረውር መስታወት የመሰለ ሳህን አለ፤ ሪፍሌክተር የምንለው፡፡ ያ ሳህን የተቀረጸው ብርሃኑ ከአንዲት የታወቀች ነጥብ እንደሚነሳ ታስቦ ነው፡፡ ነጥቧ በሚሊ ሜትር የምትለካ ናት፡፡ ከነጥቧ ትንሽ ዘወር ካለ ብርሃኑ የት እንደሚሄድ ሳህኑ አያውቅም፡፡

እኛ አገር በብዛት የሚታወቀውን ኤች 4 አምፖል ውሰዱ፡፡ ውስጡ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር፡፡ ከአጭሩ ክር ስር ትንሽ የብረት ማንኪያ የመሰለች ጋሻ አለች፡፡ የዚያች ማንኪያ ሥራ ብርሃኑ ወደ ሳህኑ የታችኛው ግማሽ እንዳይደርስ መከልከል ነው፤ ቢደርስ ኖሮ ሳህኑ ወደ ላይ፣ ማለትም ከፊት ወደሚመጣው ሰው ዓይን ይወረውረው ነበር፡፡ አንድ ሙሉ ትውልድ ሾፌር «አጭር አድርግ» ሲባል አጭር ያደረገው በዚያች ማንኪያ ምክንያት ነው፡፡ የሰው ዓይን ስታድን የኖረች ማንኪያ!

ኤል ኢ ዲው ግን ክር የለውም፡፡ ጠፍጣፋ ሰሌዳ በግራና በቀኙ የተለጠፉ ቺፖች ይዟል፡፡ ብርሃኑ ወደ ጎንና ጎን ነው የሚወጣው፡፡ ሰሌዳው ከክሩ ይወፍራል፤ ቦታውም በትክክል የክሩ ቦታ ላይ አይውልም፡፡ አንዳንዱ ያቺን ማንኪያ ለማስመሰል ይሞክራል፤ ብዙው ግን ማስመሰል ብቻ ነው፡፡ ውጤቱ? ብርሃኑ ይበተናል፡፡ ከፊሉ አፍንጫችሁ ስር ያለውን አስፋልት ያቀልጠዋል፣ ከፊሉ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ከፊሉ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፡፡ ሩቅ መድረስ የነበረበት ቦታ ደግሞ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፡፡

«ግን እኮ በደንብ ይታየኛል!» የሚል አይጠፋም፡፡ እኛም ብለናል፡፡ ማታለያው ይሄ ነው፤ መኪናው ፊት ያለው ቦታ በጣም ሲበራ የዓይናችን ብሌን ይጠባል፡፡ ሲጠብ ሩቅ ያለውን ደብዛዛ ነገር ማየት ያቅተዋል፡፡ ስለዚህ «በራልኝ» ብለን የምናስበው ጊዜ ራሱ ከሩቅ ያለውን ሰው የማናይበት ጊዜ ነው፡፡

ስለ ካርቶኑ ቁጥርም አንድ ነገር እንበል፡፡ ደንበኛው ኤች 4 ሃሎጅን አምፖል በአጭሩ 1,000፣ በረጅሙ 1,650 ሉመን ገደማ ይሰጣል፡፡ መኪኖች በዚህ ብርሃን አሥርት ዓመታት ተነድተዋል፡፡ 20,000 የሚለው ካርቶን እውነት ከሆነ የአሥር መኪና ብርሃን ይዘን ነው የምንዞረው፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ተሸውደናል ማለት ነው፡፡ ሁለቱም አያኮራም፡፡

ጉም ሌላ ሕግ አለው

የሐረጎ ሰው፣ የጣርማ በር ሰው፣ የሊማሊሞ ሰው ይሄን በደንብ ያውቃል፡፡ ጉም ማለት አየር ላይ የተንሳፈፈ ውሃ ነው፤ እጅግ ደቃቅ ጠብታ፡፡ እያንዳንዷ ጠብታ የደረሳትን ብርሃን በየአቅጣጫው ትበትናለች፡፡ ከተበተነውም ወደ እናንተ ዓይን የሚመለስ አለ፡፡ ብዙ ብርሃን ስትሰጧት ብዙ ትመልሳለች፡፡ ከዓይናችሁ መስመር አጠገብ የሚነሳ ብርሃን ደግሞ በብዛት የሚመለሰው ወደ እናንተው ነው፡፡ ለዚህ ነው ረጅሙን ስናበራ ግድግዳው የቀረበን፡፡

የጉም መብራት ጥበቡ ብርታቱ አይደለም፤ ቦታውና ቅርጹ ነው፡፡ ከታች ከባምፐሩ ይነሳል፣ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ከላይ ግን በቢላ እንደተቆረጠ ያቆማል፡፡ ጉሙን ሳይሆን ከጉሙ ስር ያለውን የመንገድ ጠርዝ ያሳያችኋል፡፡ አሁን በየመኪናው ባምፐር ላይ፣ አንዳንዴም ጣራ ላይ የሚደረደረው የኤል ኢ ዲ ባውዛ ይሄን አያደርግም፡፡ ከላይ የሚያቆመው ነገር የለም፡፡ «የጉም መብራት ነው» ብለው ቢሸጡላችሁም የጉም መብራት አይደለም፡፡ የሜዳ ላይ፣ የእርሻ ላይ፣ የቁፋሮ ቦታ መብራት ነው፡፡

«ቢጫስ?» ትሉ ይሆናል፡፡ ጥሩ ጥያቄ ነው፡፡ ፈረንሳዮች ከ1937 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. መኪኖቻቸው ሁሉ ቢጫ የፊት መብራት እንዲይዙ በሕግ ያስገድዱ ነበር፡፡ ሆኖም የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ በጣም ስለሚበልጥ ቢጫውንም ነጩንም እኩል ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ይበትነዋል፡፡ የቢጫ ጥቅሙ ሰማያዊው ስለሚቀነስለት ዓይን ላይ ቀለል ማለቱ ነው፡፡ ስለዚህ ቢጫ ኤል ኢ ዲ ገዝታችሁ ያልተሠራለት ሳህን ውስጥ ብትከቱት ያው በሽታ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀየረ፡፡

የሦስት ሰከንድ ሒሳብ

ሒሳብ የማትወዱ ታገሡን፣ አጭር ነው፡፡ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፡፡ ዓይኑ በብርሃን የተመታ ሰው ለማገገም ሦስት ሰከንድ ቢፈጅበት 50 ሜትር በጭፍን ነዳ ማለት ነው፡፡ ሐረጎ ላይ በ40 ቢሄድ እንኳን ከ30 ሜትር በላይ ነው፡፡ በሐረጎ 30 ሜትር ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሄደበት ያውቀዋል፡፡ ኩርባ አለ፡፡ አህያ አለ፡፡ የተበላሸ ከባድ መኪና ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል፡፡ ሰው አለ፡፡

ሦስት ሰከንዱ ደግሞ ለወጣት ዓይን ነው፡፡ ዕድሜ ሲጨምር የዓይን ሌንስ ይደፈርሳል፣ ብርሃን ውስጡ ይበተናል፣ ማገገሙም ይዘገያል፡፡ በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነው፡፡ ሞራው ጀምሯቸው ገና ያላወቁ፣ መኪና የሚነዱም በእግር የሚሄዱም አባቶችና እናቶች መንገዱ ላይ አሉ፡፡ የኛ ነጭ መብራት እነሱ ዓይን ውስጥ ሲገባ እንደ ተሰነጠቀ መስታወት ነው የሚበተነው፡፡

እግረኛውንስ አስባችሁታል? የባቲ ሰኞ ገበያ ውሎ ወደ የቀዬው የሚመለሰውን ሰው፣ ግመሉን፣ ፍየሉን አስቡት፡፡ ከቢስቲማ ገበያ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ተሸክማ የምትመለሰውን እናት አስቧት፡፡ እነሱ መብራት የላቸውም፡፡ «ዲም አድርግ» ብለው ምልክት የሚሰጡበት ነገር የላቸውም፡፡ ያላቸው እጃቸው ብቻ ነው፤ እሱንም ፊታቸው ላይ ያደርጉታል፡፡ ልክ እንደዚያ ልጅ፡፡

እኛ ሐበሾች ለመኪና ስም ስናወጣ አንምርም፡፡ አይሱዙን «አል ቃይዳ» ብለነዋል፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለነዋል፡፡ ስሙ ሲወጣ እንስቃለን፡፡ ነገር ግን ስሙን ያወጣው ሳቅ አይደለም፤ ሞት ነው፡፡ ለኤል ኢ ዲውስ ስም ሳይወጣለት ብናስቆመውስ?

«እሺ፣ በምን እንይ?»

ይሄ የሰው ሁሉ ጥያቄ ነው፤ መልስ ሳንሰጥ «አስነቅሉ» ማለት ግፍ ነው፡፡ ከዚያች ማታ በኋላ እኛ ኮሮላችን ላይ ያደረግነውን እንንገራችሁ፡፡ አብዛኛው ከኤል ኢ ዲው ዋጋ በታች ነው ያለቀው፡፡

አንደኛ፣ መስታወቱን አጸዳን፡፡ የደፈረሰው የመብራት ፕላስቲክ በፀሐይ የተቃጠለ የላይኛው ቆዳው ነው፡፡ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየተደረገበት ታሽቶ በፖሊሽ ሲወለወል እንደ አዲስ ይሆናል፡፡ አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነው፡፡ ካጸዳን በኋላ በገዛ አሮጌው አምፖል ስናበራው «ኤል ኢ ዲውን ምን አስገዛን?» ተባባልን፡፡

ሁለተኛ፣ ሽቦውን አስመረመርን፡፡ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፡፡ ሃሎጅን አምፖል የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ የሚቀንሰው በ10 አይደለም፤ በ30 በመቶ ገደማ ነው! የዛገ ሶኬት፣ የላላ ኔጌቲቭ፣ የቀጠነ ሽቦ መብራታችሁን ሲሶ ያህል ይበሉታል፡፡ ጎበዝ የመኪና ኤሌትሪሺያን በአንድ ሰዓት ያስተካክለዋል፡፡

ሦስተኛ፣ ሁለቱንም አምፖል በአንድ ቀን በደህና ሃሎጅን ቀየርን፡፡ አምፖል ሲያረጅ እየደከመ ይሄዳል፤ አንዱን ብቻ መቀየር አንካሳ መብራት ነው፡፡

አራተኛ፣ አቅጣጫውን አስተካከልን፡፡ ይሄ በነጻ ነው፡፡ መኪናውን ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ፡፡ የመብራቱን መሃል ከፍታ ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ፡፡ አጭሩ መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፡፡ ከመስመሩ በላይ ከሆነ የሰው ዓይን ላይ ነው ያለው፡፡ መብራቱ ጀርባ ማስተካከያ ብሎን አለ፤ ማዞር ነው፡፡ በግራ ከሚነዱ አገሮች፣ ለምሳሌ ከጃፓን ገበያ የመጣ መብራት ካላችሁ ደግሞ ጠርዙን ልብ ብላችሁ እዩት፡፡ የእነሱ መብራት ከፍ የሚለው በግራ በኩል ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሰው ያለው በግራ ነው፡፡

ጉም ከያዛችሁ ረጅሙን አጥፉ፡፡ ፍጥነት ቀንሱ፡፡ ካልታያችሁ ከመንገድ ወጥታችሁ ቁሙ፡፡ ካስፈለገም ደሴ እደሩ፡፡ ደሴ ማደር ነውር አይደለም፡፡

ሕጉና ቦሎው

አሁን ወደ መንግሥት እንዙር፣ ለሁሉም ነገር ሾፌሩ ብቻ አይጠየቅም፡፡ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና ሁሉ በየዓመቱ ይመረመራል፣ ያለፈው ቦሎ ይለጠፍለታል፡፡ እሰየው፡፡ እኛ ግን የኮሮላችንን ምርመራ እናስታውሰዋለን፤ «አብራ... አጥፋ... ፍሬቻ ቀኝ... ግራ... ፍሬን... ቀጣይ!» መብራቱ መብራቱ እንጂ የት እንደሚበራ ማንም አላየም፡፡ ኤል ኢ ዲያችን በዚያው ዓመት ቢሆን ኖሮ በክብር ያልፍ ነበር፤ እንዲያውም «ጥሩ ያበራል» ይባል ነበር፡፡

የምንለው ብዙ አይደለም፡፡ በየምርመራ ጣቢያው የመብራት አቅጣጫና ብርታት መለኪያ ይኑር፣ ካለም ሥራ ላይ ይዋል፡፡ እሱ ቢጠፋ ግድግዳና ጠመኔ አይጠፋም፡፡ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ያለ ፈቃድ የገባ ኤል ኢ ዲ ቦሎ አያሰጥ፡፡ ጣራ ላይ የተደረደረ ባውዛ አስፋልት ላይ ሲበራ የተገኘ ይቀጣ፡፡

«ፈረንጅም ያስገጥማል» ለምትሉ፣ አዎ ያስገጥማል፤ ግን እንዴት እንደሆነ ስሙ፡፡ ጀርመን ውስጥ ለመንገድ የተፈቀደ የመጀመሪያው ቀያሪ ኤል ኢ ዲ አምፖል የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ ያም ለሁሉም መኪና አይደለም፡፡ በየመኪናው ሞዴልና በየመብራቱ ዓይነት ተሞክሮ፣ ዝርዝር ውስጥ ለገባው ብቻ ነው፡፡ አምፖል የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው በየመብራቱ ካልሞከሩ የማይፈቅዱትን ነገር እኛ በካርቶን ጽሑፍ ብቻ አምነን እንገጥማለን፡፡

ደግሞም ነገሩ ወደፊት እየሰፋ ነው የሚሄደው፡፡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች መንገዱን እየሞሉት ነው፤ እነሱ ከፋብሪካቸው ኤል ኢ ዲ ይዘው ነው የሚመጡት፡፡ በሥርዓቱ የተሠራ ስለሆነ ችግር የለውም እንበል፡፡ ባለ አሮጌ መኪናው ግን እነሱን ባየ ቁጥር መቅናቱ አይቀርም፡፡ ከአሁኑ ካልተያዘ የነገ መንገዳችን የብየዳ ቤት ይመስላል፡፡

በመጨረሻ

ከዚያች ነሐሴ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፡፡ በ2014 ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳርሷቸው ሄዷል፡፡ ሐረጎ ላይ ከመኪና መብራት የባሰ ነገርም በርቷል፡፡ ከዚያም ወዲህ የጸጥታው ነገር ብዙ ሰው ማታ እንዳይጓዝ አድርጎታል፡፡ «ማታ የሚነዳ ከሌለ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ይኖራል፡፡ ጉም ግን ሰዓት አይመርጥም፡፡ ክረምት ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓትም ይወርዳል፡፡ ንጋት ላይ 11 ሰዓት ተነስቶ ለሥራ የሚወርደው ሚኒባስም፣ ለሊት ሆስፒታል የሚወጣው አምቡላንስም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው፡፡

ወሎ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ መብራት ይዘህ ትቀበለዋለህ፤ ከፊት ከፊቱ እየሄድክ መሬቱን ታበራለታለህ እንጂ ፊቱ ላይ አትይዝበትም፡፡ ፊቱ ላይ ፋኖስ የሚይዝ ሰው ወይ ሌባ ፈላጊ ነው ወይ ነውረኛ ነው፡፡ ይሄን ከእናቶቻችን ተምረናል፡፡ መሪ ስንይዝ ለምን እንደምንረሳው አይገባንም፡፡

አይሱዙ የሚነዱትን አባት ዳግም አላገኘናቸውም፡፡ ኤል ኢ ዲውን ያስነቀሉት ይመስለናል፡፡ የኛዎቹ ሁለቱ አምፖሎች አንድ ጓደኛችን ቤት ካርቶናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፡፡ ልንሸጣቸው ነበር፤ ለማን እንሽጣቸው?

ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፡፡ ምናልባት እሱም አንድ ቀን መኪና ይይዝ ይሆናል፡፡ ያን ጊዜ ሐረጎ ላይ ስንገናኝ፣ ወንድማችን፣ ዲም አድርግልን፡፡ እኛም እናደርግልሃለን፡፡